ስድስት ጅግራና ባዶ እንቁላል፦ ከሐዋሳ ጓሮ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን እንደጻፍኩት

"ጅግራዎቼ ይጥላሉ፣ እንቁላሉ ግን አይፈለፈልም።" ጅግራ ከሚያረቡ የሐዋሳ ሰዎች ቶሎ ቶሎ የምሰማው ቅሬታ ይሄ ነው። አንዱ በታቀፈችው ዶሮ ያሳብባል። ሌላው በመኖው። ሦስተኛው ደግሞ "ጅግራ ጓሮ ውስጥ አይሳረርም፤ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም" ብሎ ይዘጋዋል።

የኔ ሥራ ለዶሮ አርቢዎች ምክር መስጠት ነው። ይህ ቤተሰብ ከሌሎቹ የሚለየው ቁጭ ብሎ ለማየት ትዕግሥት ስለነበረው ነው። ያዩትን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ስማቸውንና ሰፈራቸውን ትቻለሁ።

ቤቱና ጓሮው

ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የሚኖሩት ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው፤ ልጁ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የግቢው ፊት ሲሚንቶ ሲሆን ጓሮው አፈር ነው። አንድ ትልቅ አቮካዶ፣ አንድ ረድፍ እንሰት፣ ጥቂት ቡና፣ ጥግ ላይ የማገዶ ክምር አለ። አሥር የሚሆኑ የሐበሻ ዶሮዎችና አንድ ቀይ አውራ ዶሮም ነበሩ።

ጅግራዎቹ የመጡት በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ በዶሮ አስታቅፎ ካስፈለፈላቸው ውስጥ ስምንት ጫጩት ገዙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጅግራ በአገራችን የዱር ወፍም ናት። በአብያታ ሻላም በነጭ ሳርም በመንጋ ትታያለች። ከዱር እንቁላሏን ያለ ፈቃድ መልቀም ያስጠይቃል። ስለዚህ ጫጩት ስትገዙ "ከየት የመጣ ነው?" ማለት አይከፋም።

ስምንቱም ጫጩቶች አደጉ። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ የጅግራ ጫጩት ብርድና እርጥበት አይችልም። ከ2017 ገና በፊት ግን ሁለቱ ተሸጡ። ምክንያቱ ጩኸት ነው። ሁለቱ ከማለዳ እስከ ማታ ይጮኻሉ። አውራ ዶሮ ይጮኻል፤ እነዚህም ይጮኻሉ፤ ስለዚህ አውራ ናቸው ተባለ። በቤቱ ስሌት የቀሩት አራት ሴትና ሁለት ወንድ ነበሩ።

ችግሩ

በመጋቢት የበልጉ ዝናብ ሲጀምር መጣል ጀመሩ። ጅግራ እንደ ዶሮ ዓመቱን ሙሉ አትጥልም፤ ዝናብ ትጠብቃለች። ልጁ ከእንሰቱ ሥር፣ በደረቀ ቅጠል የተሸፈነ ጎድጓዳ ውስጥ 14 እንቁላል አገኘ። መታቀፍ የፈለገች የሐበሻ ዶሮ ስለነበረች ለሷ ተሰጣት።

በ23ኛው ቀን ምንም አልነበረም። ባለቤቷም እንቁላሉን አነሱት። በዶሮ ሒሳብ 21 ቀን ነው፤ እሳቸው ሁለት ቀን ጨምረውላቸዋል። የጅግራ እንቁላል ግን ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈልጋል። ሲሰበር አብዛኛው ባዶ ነበር። ሁለቱ ውስጥ ግን ላባ ያወጣ፣ ለመውጣት ጥቂት የቀረው ጫጩት ተገኘ።

ለሁለተኛው ዙር 12 እንቁላል ታቀፈ። አሁን 28 ቀን ጠበቁ። የተፈለፈለው አንድ ብቻ ነው። የተጠራሁት ያኔ ነው።

"እትዬ፣ መጀመሪያ ያገኟቸው ሁለት ጫጩቶች መጥፎ ምልክት አይደሉም" አልኳቸው። "ቢያንስ አንዱ ወንድ ይሠራል ማለት ነው።"

"አንዱ? ሁለት አይደሉ እንዴ?"

"ሁለት መሆናቸውን በምን አወቁ?"

ሳቁና "በጩኸታቸው ነዋ" አሉኝ።

እንቁላል በሰሐን ላይ

ያልተፈለፈለ እንቁላል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከመጀመሪያውም ዘር የለውም። ሌላው ዘር ኖሮት በሙቀት፣ በቆይታ ወይም በእርጥበት ሞቷል። ሁለቱን ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ በጨለማ መዳከር ነው።

ስለዚህ የዚያን ሳምንት ስምንት ትኩስ እንቁላሎች ወስደን ነጭ ሰሐን ላይ ሰበርናቸው። የጅግራ እንቁላል ከዶሮ ያነሰ ነው፣ ጫፉ ሾጠጥ ይላል፣ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። በማንኪያ ጀርባ ጠበቅ አድርጎ መምታት ይጠይቃል። አስኳሉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች። ዘር በሌለው እንቁላል ነጥቧ ጥቅጥቅ ያለችና ጠርዟ የተዘበራረቀ ነው። ዘር ባለው ላይ ሰፋ ትላለች፣ መሐሏ ሳሳ ይላል፣ ዙሪያዋም እንደ ቀለበት ክብ ይሠራል።

ከስምንቱ ቀለበት ያየነው በሁለቱ ላይ ብቻ ነው። የታቀፈችው ዶሮ ነፃ ወጣች። እንቁላሎቹ በቃሪያ ተጠብሰው ተበሉ።

ማን ወንድ፣ ማን ሴት?

ጅግራ ላይ ወንድና ሴት በላባ አይለይም። ሁለቱም ግራጫ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ናቸው። ሁለቱም ጭንቅላታቸው ላይ ቀንድ መሳይ አጥንት አላቸው። የወንዱ ከመንቆሩ ሥር የሚንጠለጠለው ሥጋ ተለቅ ብሎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የሴቷ አነስ ብሎ ዝርግ ነው። ይህ ግን በዕድሜም ስለሚለያይ ብቻውን አያስተማምንም።

የሚያስተማምነው ድምፅ ነው። ሴቷ ባለሁለት ክፍል ድምፅ ታወጣለች፤ "ከ-ኬክ፣ ከ-ኬክ" ዓይነት፣ ሁለተኛው ከፍ ይላል። ወንዱ ነጠላ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፦ "ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ"። ሴቷ ስትደነግጥ የወንዱን ነጠላ ድምፅ ልታወጣ ትችላለች። ወንዱ ግን የሷን አያወጣም። ስለዚህ ባለሁለቱን ድምፅ አንዴ ከሰማችሁ ወፏ ሴት ናት፤ ነገሩ አለቀ።

ማታ ቆጥ ላይ እንዳሉ በባትሪ ያዝናቸው። ጅግራን በእግሯ መያዝ አይገባም፤ እግሯ በቀላሉ ይጎዳል። ሁለቱን ክንፍ ከገላዋ ጋር አቅፎ መያዝ ነው። የእያንዳንዳቸው እግር ላይ የተለያየ የጥፍር ቀለም ተቀባ። ቀለሙን ያዋሰችው የልጁ አክስት ናት፤ መልሳ አልተቀበለችውም።

በማግስቱ ልጁ አንድ አንዷን ከመንጋው ለይቶ ለትንሽ ጊዜ ቅርጫት ሥር ያስቀምጥ ጀመር። ብቻዋን የቀረች ሴት ጅግራ ጓደኞቿን ስትጣራ ባለሁለቱን ድምፅ ታሰማለች። ሦስቱ "ከ-ኬክ" አሉ። ሦስቱ አላሉም።

ሦስት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ለገና የተሸጡት ሁለቱ ጯኺዎች፣ ባለቤቷና ልጁ ድምፃቸውን አስመስለው እንደነገሩኝ ከሆነ፣ ሴቶች ነበሩ።

ስሪያው ሲታይ

ልጁ ከትምህርት በፊትና ማታ ከኩሽናው መስኮት ሆኖ ያይ ነበር፤ ያየውን ደብተር ላይ ይጽፋል። እኔም በተመቸኝ ጊዜ አብሬው ቁጭ አልኩ። መስኮቱ ጥሩ ቦታ ነው። ጅግራ የሚያያትን ሰው ካወቀች ሥራዋን ትታ መጮህ ትጀምራለች።

በመጀመሪያ የተገለጠው የ"በሽታው" ነገር ነው። ባለቤቷ ቀደም ብለው አንዱ ወንድ "ወገቡን አሞታል" ብለው ነጭ ሽንኩርት ሲያበሉት ከርመዋል። ወፉ በጎን በኩል በጣቱ ጫፍ ይራመዳል። ክንፉን ሳይዘረጋ ወደ ጀርባው ከፍ ያደርገዋል። አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ከጎን ሲታይ ጎባጣ ነው፤ ከፊት ሲታይ ደግሞ ቀጭን። እንዲህ ሆኖ ጥቂት እርምጃ ይፈጥንና ይቆማል። ይህ በሽታ አይደለም። ወንድ ጅግራ ለሴቷም ለተቀናቃኙም ራሱን የሚያሳየው በዚህ ነው። ያ "በሽተኛ" ከሦስቱ ወንዶች የበላዩ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ማባረር ነው። አንዱ ወንድ ሌላውን ያሳድዳል፤ ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው ቤቱን ይዞራሉ። ሲሚንቶው ላይ እግራቸው ይንኳኳል። ብዙውን ጊዜ መነካካት የለም፤ ሩጫ ብቻ ነው። በዱር ቢሆን የተሸነፈው ርቆ ይሄዳል፣ ነገሩ ያበቃል። እዚህ ግን አጥር አለ። የሚሸሸው ዞሮ እዚያው ይመጣል፤ ስለዚህ ሩጫው አያልቅም።

ሦስተኛው ማጉረስ ነው። የበላዩ ወንድ ምስጥ ወይም ፍርፋሪ ሲያገኝ አይውጠውም። አንስቶ ይጥለዋል፣ እንደገና ያነሳዋል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠራል። ሰማያዊ ቀለም የተቀባችው ሴት መጥታ ትወስደዋለች። የሚጠራው እሷን ብቻ ነው። ሌላዋ ብትጠጋ ዝም ይላል።

ጅግራ ከአውራ ዶሮ የምትለየው እዚህ ላይ ነው። አውራ ዶሮ ያገኛትን ሁሉ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በሰው ፊት ይሰርራል። ወንድ ጅግራ ግን በመራቢያ ወቅት ከመንጋው ተለይቶ ከአንዲት ሴት ጋር ይጣመራል፤ ከሥሯም አይጠፋም። ተከልለው በሚረቡበት ቦታ አንድ ወንድ ከአራትና ከአምስት ሴት ጋር ሊሆን ይችላል፤ ምርጫ ካገኘ ግን አንዷን ይመርጣል።

ስሪያውን ራሱን መጀመሪያ ያየው ልጁ ነው። ጊዜው ንጋት ነው፣ ገና ሳይነጋጋ። ያን ቀን ቅዳሜ ስለነበር ዶሮ ቤቱ ቀድሞ ተከፍቶ ነበር። ጥንዶቹ ከመንጋው ተለዩና ቡናው ሥር ገቡ። ሴቷ ዝቅ አለች። ወንዱ ወጣባት፣ በመንቆሩ የአንገቷን ላባ ያዘ፣ ጅራታቸው ተነካካ። ወረደ። ሴቷ ተነስታ ላባዋን አራገፈች። ሁሉም ነገር የጥቂት ሴኮንድ ጉዳይ ነው። "እማማ፣ ሳል ይዞኝ ቢሆን ያመልጠኝ ነበር" ነበር ያላቸው።

ከዚያ በኋላ ደጋግመን ያየነው ግን ያልተሳካውን ነው። ወንዱ ገና ሲወጣ ሁለተኛው ወንድ ከማገዶው ጀርባ ሮጦ ይመጣል። ወይም ቀዩ አውራ ዶሮ ክንፉን እያርገበገበ ይደርሳል። ሴቷ ብድግ ትላለች፣ ሁሉም ይበተናል፣ ሩጫው እንደገና ይጀመራል። ሦስተኛው ወንድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይሸሻል። ከሴት ጋር ሆኖ አንድ ጊዜም አላየነውም። የጅራቱ ላባ ተነቅሎ አልቋል።

አንድ ነገር ደግሞ በአዘቦት ቀን ብቻ ታየ። ዶሮ ቤቱ የሚከፈተው ልጁ ትምህርት ቤት ከሄደ በኋላ፣ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ንጋት ላይ ጅግራዎቹ ከዶሮው ሁሉ ጋር ታጭቀው፣ ቆርቆሮ ሥር ናቸው። ስሪያ ያየንባቸው ሰዓቶች ንጋትና ከመስፈራቸው በፊት ያለው ምሽት ናቸው። አንደኛው በር ተዘግቶበት ያልፋል።

የተሞከረው፣ የሠራውና ያልሠራው

መጀመሪያ የተነካው አውራ ዶሮው ነው። እስከ ረፋድ ለብቻው እንዲዘጋበት ተደረገ። ይህ ወዲያው ለውጥ አመጣ፤ ከሚበተኑት ስሪያዎች የሱ ድርሻ ጠፋ።

ሁለተኛው፣ በሩ 12 ሰዓት ላይ እንዲከፈት ማድረግ ነበር። ይህ አከራካሪ ነው። ብዙ አርቢ "ጅግራን እስከ ቀትር አትልቀቃት" ይላል። ምክንያቱም ጅግራ በብዛት የምትጥለው ከረፋድ እስከ ከሰዓት ነው፤ ቀድማ ከወጣች ጎጆዋን ትደብቃለች። እውነት ነው። ለምግብ እንቁላል ለሚፈልግ ሰው ምክሩ ትክክል ነው። ለመፈልፈል ግን ሙሉ ቅርጫት ባዶ እንቁላል ምን ያደርጋል? እኔ በዚህ ጉዳይ ከንጋቱ ጎን ነኝ። የተደበቀውን ጎጆ መፈለግ ይቻላል። ዘዴውን ያገኘውም ልጁ ነው፦ ሴቷን ትቶ ወንዱን ተከተለ። ወንዱ ጥንዱን እስከ ጎጆዋ አካባቢ ይሸኛታል፤ ከዚያ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። የቆመ ወንድ ካያችሁ፣ ጎጆው ሩቅ አይደለም።

ሦስተኛው ሙከራ ከሸፈ። ተሸናፊውን ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር በሽቦ አጥር ለየናቸው። በወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሁለቱም ከሽቦው ዳር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ፣ ይጮኻሉ፣ ሴቷ መጣል አቆመች። ጎረቤት ያሉ አዛውንት ልብ ድካም እንዳለባቸው በትሕትና አስታወሱን። ሽቦው ተነሳ።

ከዚያ ወንዱ ይርጋለም ላለች ዘመድ፣ ሰፊ ግቢ ላላት፣ ተሰጠ። ባለቤቷ መጀመሪያ ማረድ ነበር የፈለጉት። ልጁ ግን "ስም አውጥቼለታለሁ" ብሎ አስቀረው።

የቀሩት ሁለት ወንዶች አሁንም ይባረራሉ። ለነሱ የሠራው መለያየት ሳይሆን መከለል ነው። መኖው በሁለት ቦታ ተደረገ፤ አንዱ አቮካዶው ሥር፣ አንዱ ከእንሰቱ ጀርባ። በመሐል የበቆሎ አገዳና የደረቀ የእንሰት ቅጠል እንደ መጋረጃ ተከመረ። የሚሸሸው ወፍ ከዓይን የሚሰወርበት ቦታ አገኘ። ቤቱን የመዞር ሩጫ አልጠፋም፤ ግን አጠረ። ሁለተኛው ወንድ ቀይ ቀለም ከተቀባችው ሴት ጋር እንሰቱን ተገን አድርጎ መዋል ጀመረ።

የመኖ ለውጥም ነበር፤ ፉርሽካው ላይ የኑግ ፋጉሎ ተጨመረ። ይህ ለብቻው ምን እንዳመጣ ከሌላው ነጥሎ ለመናገር አይቻልም።

ውጤቱ

ለውጡ ከተደረገ በኋላ ለሁለት ሳምንት የተጣለ እንቁላል አልታቀፈም። ሴት ወፍ የወንዱን ዘር ለብዙ ቀን በሰውነቷ ውስጥ ስለምታቆይ፣ የዛሬው እንቁላል የሚናገረው ስለ ባለፈው ሳምንት ስሪያ ነው። ቶሎ መፍረድ ያሳስታል።

ከዚያ 15 እንቁላል ተሰበሰበ። ከጎጆው ሁሉም አልተነሳም፤ ሦስት አራት እንዲቀር ተደረገ። ሙልጭ አድርጎ የወሰደ ሰው ጅግራዋ ቦታ ትቀይርበታለች። ከሳምንት በላይ የቆየ እንቁላልም አልገባም። በስምንተኛው ቀን ማታ በስልክ መብራት ታዩ። ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ ከዶሮ እንቁላል ይልቅ ይከብዳል፤ እጅን ጥቅልል አድርጎ መብራቱን ማፈን ያስፈልጋል። በ11ዱ ውስጥ የደም ሥር ታየ። በ27ኛው ቀን ዘጠኝ ጫጩት ወጣ።

ነሐሴ ነበር፤ ጓሮው ጭቃ። ጫጩቶቹ ሳሎን ጥግ ካርቶን ውስጥ ሰነበቱ። ሁለቱ ውኃ መጠጫው ውስጥ ሰጥመው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሳህኑ ላይ ጠጠር ተደረገ፣ ሰባቱ አደጉ።

ለሌላ ጓሮ የሚሆን

ከሁሉ በፊት ወፎቹን አንድ በአንድ ለዩ። ምልክት የሌለው መንጋ ውስጥ ሁሉም ሩጫ አንድ ዓይነት ይመስላል። የጥፍር ቀለም ቶሎ ይለቃል፤ በየጊዜው ማደስ ነው። ባለቀለም የፕላስቲክ ቀለበት ካገኛችሁ ይሻላል።

በጩኸት ብዛት ወንድ አትምረጡ። በጩኸቱ ዓይነት ምረጡ። ከመሸጣችሁ ወይም ከማረዳችሁ በፊት እያንዳንዷን ለብቻዋ አዳምጧት፤ በተለይ በዓል ሲደርስና ገዥ በር ላይ ቆሞ ሲያጣድፋችሁ።

"ሲሳረሩ አላየሁም" ማለት ምንም አያረጋግጥም። ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ሰው በተኛበት ሰዓት፣ ቁጥቋጦ ሥር። ማወቅ የፈለገ እንቁላል ይስበር። በሰሐን ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ከማንኛውም ግምት ትበልጣለች፤ እንቁላሉም አይባክንም።

የወንዱ ቁጥር ጉዳይ በቦታው ስፋት ይወሰናል። ጥንድ ጥንድ መሆን ለጅግራ ተፈጥሮዋ ነው፤ ሆኖም ጥንዶች መራራቅ ይፈልጋሉ። በከተማ ጓሮ ውስጥ ይህን ርቀት በመጋረጃ መተካት እንደሚቻል ከዚህ ቤት አይቻለሁ። ባዶ፣ የተጠረገ፣ ሁሉም ከሁሉም የሚታይበት ጓሮ ለዓይን ያምራል፤ ለጅግራ ግን አይሆንም። ባለቤቷ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል። "ሠላሳ ዓመት ስጠርግ የኖርኩትን ጓሮ አሁን ቆሻሻ ልከምርበት?" ብለው ነበር።

ያልተፈታ ነገር አለ። ሦስተኛዋ ሴት ወንድ የላትም። የበላዩ ወንድ አልፎ አልፎ ይጠጋታል፤ ከሷ ጎጆ ተወስደው ከታዩት እንቁላሎች ግን አብዛኛዎቹ አሁንም ነጥባቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ልጁ ይርጋለም የሄደው ወንድ ይመለስላት ይላል። አያቱ ደግሞ የሷ እንቁላል ለቁርስ ይሁን ብለዋል። እስከ ቀጣዩ በልግ የሚሆነው የእሳቸው ነው።